ቤተ መዘክርና ሕዝባዊ ንግግር፦ የሰሜን ተራሮች ታሪክ በማን አንደበት ይነገር?

መግቢያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመንገድ ጥገና ሥራ ምክንያት ደባርቅ ከተማ ተቀምጬ ሳለሁ፣ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ስለ ሊማሊሞ መንገድ አሠራር ንግግር እንዳደርግ ተጠየቅሁ። እንደ ሙያችን ልማድ የመንገዱን ቁልቁለት፣ የጠመዝማዛዎቹን ስፋት፣ የድጋፍ ግንቦቹን ውፍረትና የጎርፍ መውረጃዎቹን አቀማመጥ በሰሌዳ ላይ እየሣልሁ አንድ ሰዓት ያህል አስረዳሁ። መንገዱን በወረራው ዘመን ጣልያኖች እንደ ሠሩት ተናግሬ ንግግሬን ስፈጽም፣ ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ።

«ልጄ፣ የተናገርኸው መልካም ነው፤ ተምረንበታል። ነገር ግን መንገዱን ጣልያን ሠራው አልህ። ጣልያንማ ሣለው፣ አዘዘውም። ድንጋዩን ፈልጦ የተሸከመው ግን አባቴ ነው። አባቴን ከወዴት ጣልኸው?» አሉ።

እኔም «አባቴ፣ እውነትዎን ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ከማለት በስተቀር መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ የዕለቱ ተናጋሪ እርሳቸው ሆኑ። ሠራተኛው የት ይሰፍር እንደ ነበር፣ ምን ይበላ እንደ ነበር፣ ገደሉ ላይ በገመድ ታስሮ እንዴት ይፈልጥ እንደ ነበር ከአባታቸው የሰሙትን ተረኩልን። ተማሪዎቹ እኔ ስናገር ያልጠየቁትን ያህል እርሳቸውን ጠየቁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቃላቸውን ለመቅዳት አስቤ ወደ ከተማው ስመለስ ሽማግሌው ዐርፈው ነበር። በዚያ አዳራሽ ከተናገሩት ውስጥ በወረቀት ላይ የቀረ አንድም ቃል የለም።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ጥያቄ የተነሣ ነው። ዓላማውም ቤተ መዘክር፣ ሕዝባዊ ንግግርና የባህል ዝግጅት በአገራችን እንዴት እንደ ተያያዙ በአጭሩ ማውሳት፣ ቀጥሎም ከደባርቅና ከዳባት አንሥቶ እስከ ሳንቃ በር ላለው አካባቢ ይህ ታሪክ ምን እንደሚያስተምር ማመልከት ነው። የጽሑፉ አሳብ በአጭሩ ሲገለጽ፣ ንግግር የሌለበት ቤተ መዘክር ዕቃ ቤት ነው፤ የአገሬው ሰው የማይናገርበት ንግግርም ግማሽ ታሪክ ነው የሚል ነው።

ዕቃና ቃል በአገራችን ልማድ

«ቤተ መዘክር» የሚለው ስም ዘከረ፣ ማለትም አሰበ፣ አስታወሰ ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ነው። እንግዲህ በስሙ ብንሄድ ቤተ መዘክር ማለት የማስታወሻ ቤት እንጂ የዕቃ ማከማቻ አይደለም።

ቃሉ በዛሬው ትርጉሙ ከመለመዱ በፊት ሥራው በአገራችን ይሠራ ነበር። የአብያተ ክርስቲያናት ዕቃ ቤቶች መስቀሉን፣ ዘውዱን፣ ብራናውንና የነገሥታቱን ልብስ ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቀዋል። ነገር ግን ዕቃው ብቻውን አልተቀመጠም። ስንክሳሩ በየዕለቱ ይነበባል፤ ተአምሩ ይሰማል፤ በዓል ሲደርስ ንዋያተ ቅድሳቱ ወጥተው በሕዝብ ፊት ይታያሉ። በግድግዳ ላይ የተሣለውን ሥዕል ማንበብ ለማይችለው ምእመን የሚተረጉምለት ሰው አለ። በመኖሪያ ቤትም ቢሆን በምሰሶ ላይ የተሰቀለው ጋሻና ጠመንጃ ያለ ታሪክ አልተሰቀለም። ባለቤቱ ወይም ልጁ በግብር ላይ ፎክሮ የማንና የየት እንደ ሆነ ይናገርለታል፤ አዝማሪውም በማሲንቆው ያጅበዋል።

ከዚህ የምንረዳው በእኛ ልማድ ዕቃና ቃል ተለያይተው እንደማያውቁ ነው። ዕቃውን በመስተዋት ሣጥን አስገብቶ፣ በትንሽ ወረቀት ስሙንና ዘመኑን ጽፎ፣ ተመልካቹን በዝምታ ማሳለፍ ከውጭ የመጣ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ ለጥበቃ ይጠቅማል። ይሁን እንጂ ቃሉን አስቀርቶ ዕቃውን ብቻ የወሰደ እንደ ሆነ ለተመልካቹ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ዘመናዊው ሕዝባዊ ንግግር

በዘመናዊ መልኩ ንግግርንና የባህል ዝግጅትን አጣምሮ ለሕዝብ በማቅረብ ረገድ ቀደምት ከሆኑት ድርጅቶች አንዱ የሀገር ፍቅር ማኅበር ነው። ማኅበሩ በመኰንን ሀብተ ወልድ አነሣሽነት በአዲስ አበባ በሐምሌ 1927 ዓ.ም. ሲመሠረት የፋሺስት ኢጣልያ ጦር በድንበር ላይ ይከማች ነበር። ወረራው የጀመረው ከሦስት ወር ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ፣ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ነው። የማኅበሩ የመጀመሪያ ሥራ በአደባባይ ለተሰበሰበው ሕዝብ ስለ አገር ነፃነት ዲስኩር ማሰማት ሲሆን፣ ክራርና ዘፈን ሕዝቡን ለመሳብና ንግግሩን በልብ ለማሳደር ይታከልበት ነበር። ዛሬ በቲያትር ቤትነቱ የምናውቀው ሀገር ፍቅር መነሻው ይህ እንደ ሆነ ማስታወስ ይገባል። የባህል ዝግጅት ለመዝናኛ ብቻ የቀረበ አልነበረም። አንድ ከባድ ነገር ለሕዝብ የሚነገርበት መንገድ ነበር።

ከነፃነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ተቋቋመ፤ ልዩ ልዩ የታሪክ ዕቃዎችም በዚያው መሰብሰብ ጀመሩ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን ሲጀምር ግን ለዚህ ጽሑፍ ርእስ ይበልጥ የሚቀርብ ነገር ተፈጠረ። የኮሌጁ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ከተማሪዎች ጋር የብሔረሰብ ጥናት ማኅበር አቋቋሙ። የማኅበሩ አባላት ከየትውልድ ስፍራቸው ስለ ሰርግ፣ ስለ ለቅሶ፣ ስለ እርሻና ስለ እምነት ያዩትንና ከወላጆቻቸው የሰሙትን ጽፈው በስብሰባ ላይ ያነቡ ነበር፤ ጽሑፎቹም በማኅበሩ መጽሔት ታትመዋል። ከየአገሩ የመጣው ዕቃም ተሰብስቦ አነስተኛ ቤተ መዘክር ሆነ።

ከዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን ልብ ማለት ይጠቅማል። ሕንፃ ቀድሞ ተሠርቶ በኋላ ዕቃ አልተፈለገለትም። መጀመሪያ የሚናገርና የሚያዳምጥ ሰው ተገኘ፤ ቀጥሎ ዕቃው መጣ፤ ሕንፃው የተገኘው በመጨረሻ ነው። እርሱም የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ቤተ መንግሥቱ ለትምህርት ተሰጥቶ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈትበት፣ በ1963 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተመሠረተ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክኸርስት፣ የቤተ መዘክሩ ኃላፊ ደግሞ ሆይናትስኪ ሆኑ። በ1968 እ.ኤ.አ. የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር ተቋቁሞ ወደ ውጭ ሊወጡ የነበሩ ሥዕሎችንና መስቀሎችን ገንዘብ እያሰባሰበ ለቤተ መዘክሩ ይገዛ፣ ለአባላትና ለሕዝብም ንግግር ያዘጋጅ ጀመር። ዛሬ የቤተ መዘክሩ የባህል ክፍል የተደራጀው በክፍለ ሀገር ወይም በብሔረሰብ ሳይሆን በሰው ልጅ የሕይወት ጉዞ፣ ከልጅነት እስከ ሞትና ከሞትም በኋላ ባለው ቅደም ተከተል ነው። ይህም ተመልካቹ የሌላውን አካባቢ ሰው ከራሱ ሕይወት ጋር እያነጻጸረ እንዲያይ የታሰበ ነው።

ይሁን እንጂ የዚህ ሁሉ ሥራ ማዕከል አዲስ አበባ፣ ከምሁራኑ ንግግርም ብዙው በውጭ ቋንቋ ነበር። የሰሜን ገበሬ ስለ ሰሜን የተነገረውን የሚሰማበት ዕድል ጥቂት ነው።

ከሰሜን የወጣው

በአንጻሩ ሌሎች ስለ ሰሜን መናገር ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗል። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው የፍራንክፈርት ተወላጅ ተመራማሪ ከ1831 እስከ 1833 እ.ኤ.አ. በአገራችን ሲዘዋወር የሰሜንን ተራሮች አቋርጦ ጎንደር ደርሷል። ሲመለስ የእንስሳትና የአእዋፍ ናሙና፣ እንዲሁም የብራና መጻሕፍት ይዞ ሄደ። ዋልያንና ጭላዳ ዝንጀሮን በ1835 እ.ኤ.አ.፣ ቀይ ቀበሮን ደግሞ በ1840 እ.ኤ.አ. ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው እርሱ ነው። ስብስቡም በከተማው በሚገኘው የሴንከንበርግ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ገባ። የቀይ ቀበሮው ሳይንሳዊ ስም እስከ ዛሬ የሰሜንን ስም ይዞ ይጠራል።

ሩፔል ያደረገውን በዘመኑ መለኪያ መንቀፍ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም፤ ሥራው ለዕውቀት ጠቅሟል። ነገር ግን እንስሳቱን ያሳየው፣ ስማቸውን የነገረው፣ በየትኛው ገደል እንደሚውሉና መቼ እንደሚወርዱ ያስረዳው የአገሩ ሰው መሆኑ አያጠራጥርም። የዚያ ሰው ስም በስያሜው ውስጥ የለም። የደባርቁ ሽማግሌ ጥያቄ እዚህም ይመጣል፦ አባቴን ከወዴት ጣልኸው?

ሁለተኛው ምሳሌ ደረስጌ ማርያም ነው። በጃናሞራ የሚገኘውን ይህን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ሰሜንንና ትግራይን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሲሆኑ፣ በሥራው የረዳቸው ጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር ነው። ውቤ ቤተ ክርስቲያኑን ያዘጋጁት ዘውድ ሊደፉበት ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን በደረስጌ ጦርነት ካሣ ኃይሉ ድል አድርጓቸው፣ ከጥቂት ቀን በኋላ በዚያው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ።

ንጉሡ ከ13 ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሲወድቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ ሪቻርድ ሆልምስ አብሮ ነበር። የተዘረፈው ንብረት በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ ወረደ፤ ከብራናዎቹ 350 ያህሉ ወደ ሙዚየሙ ገቡ። ከዚያ ዘመን ጀምሮ ብራናዎቹ በለንደን ሲጠኑና ሲነገርባቸው ኖሯል። ከንጉሡ ራስ የተቆረጠው ጸጉር እንኳ በለንደን ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ከቆየ በኋላ የተመለሰው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው። ይህ እንዲሆን ለብዙ ዓመታት በጽሑፍ፣ በንግግርና በፊርማ ማሰባሰብ የደከሙ ሰዎች ነበሩ። ቃል ዕቃን እንደሚያስመልስ ከዚህ ይታያል። የንጉሡ ጸጉር አዲስ አበባ ሲገባ በደረስጌ የዘውዱን ቀን አስመልክቶ ቃል የሚያሰማ አንድ የአካባቢው ሊቅ በደባርቅ አዳራሽ ቢጋበዝ ኖሮ፣ ለሰሜን ልጆች እንዴት ያለ ትምህርት በሆነ ነበር!

ፓርኩና ሰዉ

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተቋቋመ። በ1970 ዓ.ም. ደግሞ ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰፈሩት 12 ስፍራዎች አንዱ ሆነ። የዋልያና የቀይ ቀበሮ ቁጥር ማነስ፣ የግጦሽና የእርሻ መስፋፋት፣ እንዲሁም በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ አሳስቦ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች ዝርዝር ተመዘገበ። ከዝርዝሩ የወጣው ከ20 ዓመት በኋላ በ2009 ዓ.ም. ነው። ለዚህም አስተዋጽኦ ካደረጉት እርምጃዎች መካከል የመንገዱ አቅጣጫ መለወጥ፣ የግጦሽ መቀነስና የግጭ መንደር ነዋሪዎች መነሣት ይገኙበታል።

ግጭ ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ መንደር ነበር። ነዋሪዎቹ በአብዛኛው ሙስሊሞች ሲሆኑ ገብስ እያረሱና ከብት እያረቡ ለብዙ ትውልድ ኖረዋል። በ2008 ዓ.ም. ከ400 የሚበልጡ አባወራዎች ወደ ደባርቅ ከተማ እንዲዛወሩ ተደረገ። ዋልያን ማትረፍ አስፈላጊ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን አንድ መንደር ሲነሣ የሚነሣው ቤቱ ብቻ አይደለም። በዚያ ከፍታ ውርጭ የሚችል ቤት እንዴት እንደሚከደን፣ የትኛው ገብስ በየትኛው ወር እንደሚዘራ፣ ባና እንዴት እንደሚፈተልና እንደሚሸመን፣ ከብት ከነብር እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ጅባራ ሲያብብ ምን እንደሚባል የሚያውቀው ሰው ዛሬ በከተማ ዳር ተቀምጧል። ልጆቹ ይህን ዕውቀት በሥራ አይማሩትም፤ ሥራው የለምና። በቃል ካልተላለፈላቸው በአንድ ትውልድ ውስጥ ይጠፋል።

ወደ ተራራው የሚሄድ ጎብኚ ስለ ዋልያ ቀንድና ስለ ጭላዳ መንጋ ብዙ ይነገረዋል። እኔ በተመላለስሁባቸው ጊዜያት ስለ ሰዉ የተነገረው ግን ከጥቂት ዐረፍተ ነገር አላለፈም። የግጭ ሰው በጎብኚው ፊት ቆሞ «እኛ እንዲህ እንኖር ነበር» የሚልበት ቀን መኖር አለበት። ይህን ማድረግ ለፓርኩ አይጎዳም። ስለ ተከፈለው ዋጋ በግልጽ መነገሩ ፓርኩ በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ እንዲወደድ ይረዳል እንጂ አያስጠላውም።

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የውጭ አገር ምሳሌ ካስፈለገ የስዊድኑ ስካንሰን አለ። አርቱር ሃዘሊየስ በ1891 እ.ኤ.አ. በስቶክሆልም ሲከፍተው በኢንዱስትሪ መስፋፋት የሚጠፉትን የገበሬ ቤቶች ከየአገሩ እያስፈረሰና እያስመጣ ተከላቸው። በየቤቱም የሚሸምን፣ የሚጋግርና የሚዘፍን ሰው አስቀመጠ። ቤቱ ከነቃሉ ተተከለ ማለት ነው። በደባርቅ አንድ የግጭ ቤት ራሳቸው ግጮች ቢሠሩት ወጪው ከአንድ አነስተኛ የቢሮ ሕንፃ አጥር አይበልጥም።

ወልቀፊትና አስቸጋሪው ታሪክ

ሕዝባዊ ንግግር ደስ የሚለውን ብቻ የሚያወሳ ከሆነ ከስብከት አይለይም። የሰሜን ግርጌ ደግሞ ለመናገር የሚከብድ ታሪክ ሞልቶበታል።

ከደባርቅ በላይ ያለው የወልቀፊት በር በ1933 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከቦ ለወራት ጠንክሮ ቆይቷል። ወደ 3,000 የሚጠጋው የጠላት ጦር በኮሎኔል ማሪዮ ጎኔላ እየታዘዘ እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ሲሆን፣ የጎንደር ምሽግ የወደቀው በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ነው። ይህ ለአካባቢው አርበኞች የሚያኮራ ነው። ነገር ግን በምሽጉ ውስጥ በነበረው ጦር ብዙ አገር ተወላጅ እንደ ነበረበት መረሳት የለበትም። የአርበኛው የልጅ ልጅና የባንዳው የልጅ ልጅ ዛሬ በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፤ ተጋብተዋልም። አንዱ በፉከራ ሲነሣ ሌላው አንገቱን ደፍቶ የሚሰማበት ዝግጅት ታሪክን አያስተምርም። በአንጻሩ የተፈጸመውን በትክክል፣ ያለ ስድብ፣ ምክንያቱን መርምሮ የሚያቀርብ ንግግር ሁለቱንም ወገን ያስቀምጣል።

የቅርቡም ዘመን የራሱ አስቸጋሪ ታሪክ አለው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ደርሶ በጭና ሲቪሎች ተገድለዋል። የዚያን ጊዜ እማኞች ዛሬ በሕይወት አሉ። ቃላቸው ሳይደበዝዝና ለሌላ ጉዳይ መገልገያ ሳይሆን በጥንቃቄ ተቀድቶ መቀመጥ የሚገባው አሁን ነው።

ከሌሎች ከተሞች የምንማረው

በሐረር አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ የተባሉ የከተማው ተወላጅ የእጅ ጽሑፎችን፣ ሳንቲሞችን፣ የሙዚቃ ቅጂዎችንና የቤት ዕቃዎችን በግል ጥረታቸው ሰብስበው በመጀመሪያ በመኖሪያ ቤታቸው ለሕዝብ አሳዩ። ከተማው ኋላ ታሪካዊ ቤት ሰጥቷቸው ቤተ መዘክሩ ወደዚያ ተዛወረ። ሰውዬው በማሳየት ብቻ ሳይወሰኑ የጠፋውን የመጽሐፍ አጠራረዝ ሙያ አጥንተው ለወጣቶች አስተምረዋል። በደቡብ ኦሞ ጂንካም በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የምርምር ማዕከልና ቤተ መዘክር የአካባቢውን ሕዝቦች ዕቃ ከማሳየቱ በላይ ባለቤቶቹን እየጋበዘ ስለ ራሳቸው እንዲነጋገሩ አድርጓል።

የደሴው ቤተ መዘክር ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ሲዘረፍ ከተማው ለብዙ ዓመት የሰበሰበውን አጣ። ዕቃ ይሰረቃል፤ ይቃጠላል። ስለ ዕቃው የተነገረው ቃል ተቀድቶ፣ ተባዝቶ፣ በተማሪው ጭንቅላትም ገብቶ ከሆነ ግን ዘራፊ ሁሉንም አይወስድም። ስለዚህ ሕዝባዊ ንግግር ከጥበቃ ዘዴዎች አንዱ ነው ብሎ መቁጠር ተገቢ ነው።

ምን ይደረግ?

እኛ መሐንዲሶች ስለ ቤተ መዘክር ስንጠየቅ ቶሎ የሚታየን የሕንፃው ንድፍ ነው። እኔ ግን ሕንፃው እንዳይቀድም እመክራለሁ። በደባርቅም ሆነ በዳባት ለመጀመር የሚያስፈልገው አንድ አዳራሽ፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች፣ አንድ መቅረጸ ድምፅና አንድ መዝገብ ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ በቆርቆሮ ጣሪያ ሲወርድ ከተናጋሪው ድምፅ ይበልጣልና ኮርኒስ ያለው ቤት ቢመረጥ ጥሩ ነው፤ አለዚያ ዝግጅቱን ከጥቅምት እስከ ግንቦት ማድረግ ይቻላል።

የዝግጅቱ ሥርዓት እንደሚከተለው ቢሆን ይጠቅማል እላለሁ። በወር አንድ ጊዜ፣ የገጠሩም ሰው በሚገኝበት የገበያ ቀን፣ አንድ ዕቃ በጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፦ ሞፈርና ቀንበር ይሁን፣ የብራና ቅጠል ይሁን፣ ወይም የመንገድ መሥሪያ መዶሻ። በመጀመሪያ በጉዳዩ የሠለጠነ ሰው ለግማሽ ሰዓት ይናገር። ቀጥሎ ዕቃውን የሠራበት ወይም ከአባቱ የወረሰው የአገሩ ሰው ያንኑ ያህል ጊዜ ይሰጠው፤ ይህ ለምሁሩ ንግግር ማጣፈጫ ሳይሆን ራሱን የቻለ ንግግር ሆኖ ይያዝ። ከዚያ ሕዝቡ ይጠይቅ፣ ያርምም። በመጨረሻ ማሲንቆው፣ ቀረርቶው ወይም ቅኔው ከዕለቱ ጉዳይ ጋር ተዛምዶ ይቅረብ። የተነገረው ሁሉ ከነተናጋሪው ስምና ፈቃድ ተቀድቶ አንዱ ቅጂ በከተማው ቤተ መጻሕፍት፣ ሌላው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በተከፈተው የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ይቀመጥ። እንዲህ ያለ ዝግጅት ለሁለትና ለሦስት ዓመት ሳይቋረጥ ከተካሄደ ዕቃው በራሱ ይመጣል፤ ሰው የሚከበርበትን ቤት ያውቃልና። ሕንፃውን የምንነድፈው ያን ጊዜ ነው።

በዚህ ረገድ የማኅበራችን አባላት ልዩ ኃላፊነት አለብን። የምንቆፍረው እኛ ነን፤ የምናፈርሰውም እኛ ነን። እኔ ራሴ ያለሁበት የሥራ ቡድን በአንድ ወቅት ከመንገድ ዳር ያገኘውን ጽሑፍ የተቀረጸበት የኪሎ ሜትር ድንጋይ ሰብሮ ለሙሊት አውሎታል። በዚያን ጊዜ ማንም አልከለከለንም፤ እኔም አልከለከልሁም። ድንጋዩ ሲሰበር ያየሁት እኔ ነበርሁና ጥፋቱ የሌላ ነው ለማለት አልችልም። ሥራ ከመጀመራችን በፊት የአካባቢውን ሽማግሌዎች ጠርተን «እዚህ ምን ነበር?» ብሎ መጠየቅ፣ የተገኘውን መለካት፣ መሣልና ማስረከብ የአንድ ቀን ሥራ ነው። የጥናት ንድፎቻችንም ፕሮጀክቱ ሲያልቅ በየመደርደሪያው ከሚበላሹ ቅጂያቸው ለአካባቢው ቤተ መዘክር ቢሰጥ፣ የሚቀጥለው ትውልድ መንገዱ እንዴት እንደ ተሠራ ከነሠሪዎቹ ያውቃል።

ማጠቃለያ

ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ተራራው የሚወጣ ሰው ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሳንቃ በር ይደርሳል። ከፍታው 3,250 ሜትር ገደማ ነው። ጎብኚዎች ድንኳን የሚተክሉት፣ ቀዝቃዛውን ሌሊት ያሳለፉ ጥበቃዎችም እሳት ከበው የሚጨዋወቱት እዚያ ነው። በአንድ ምሽት ከእሳቱ ዳር ተቀምጬ ከጥበቃዎቹ አንዱ ስለ አያቱና ስለ ወልቀፊት ሲተርክ ሰምቻለሁ። ከአጠገባችን የነበሩት የውጭ አገር ጎብኚዎች ምን እንደሚል ጠይቀው አስጎብኚያቸው «ስለ ድሮ ነው» ብሎ በሁለት ቃል አሳለፈው።

ሕዝባዊ ንግግርና የባህል ዝግጅት በዚህ አካባቢ ሲጀመር አዲስ ነገር አይፈጠርም። በየእሳቱ ዳር ያለውን ጨዋታ ወደ አዳራሽ ማስገባት፣ ማክበርና መመዝገብ ብቻ ነው። የደባርቁን ሽማግሌ ቃል ለመመዝገብ ሁለት ዓመት ዘገየሁ። እርሳቸው የሚያውቁትን የሚያውቁ ሌሎች ሰዎች በዳባት፣ በደባርቅና በጃናሞራ ዛሬም አሉ። በሥራ ወደዚያ የሚሄድ ባልደረባችን ሁሉ ከመለኪያ መሣሪያው ጋር አንድ መዝገብ ይያዝ፤ ሥራውን ከመጀመሩም በፊት ቁጭ ብሎ ይስማ።